ቢጫ ወባ ወባ አይደለም፦ «የጉዞ ክትባት ለፈረንጅ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እዚህ ሐዋሳ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። እኔ ጋ የደረሰው በሦስት ሰው በኩል ነው። አንዷ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ደንበኛ ናት። ልጇ ለሥራ ካምፓላ ሊሄድ ነው። «እስኪ እይው፣ ክትባቱ አያስፈልግም ይላል» ብላ ስልኳን በመስኮቱ አቀበለችኝ። እዚያው ቆሜ ጨረስኩት።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የጉዞ ክትባትና የወባ መከላከያ ኪኒን ለፈረንጅ የተሠሩ ናቸው። እኛ ሞቃት አገር የተወለድን ስለሆንን ደማችን በሽታውን ያውቀዋል። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ የሆነው ቢጫ ካርድ በየ10 ዓመቱ ገንዘብ መሰብሰቢያ ስለሆነ በደላላ ማኅተም ማስመታት ይሻላል። የክትባቱም ደኅንነት ያጠራጥራል። የመከላከያ ኪኒን ጉበት ይጎዳል፣ ጭንቅላት ይነካል። ከዚያ ይልቅ ለወባም ለቢጫ ወባም ኮአርተም የሚባለውን የወባ ማከሚያ ኪኒን ሻንጣ ውስጥ መያዝ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ማዘውተር ይበቃል። ሆዳችን ጠንካራ ስለሆነ የታሸገ ውኃ የጠጣ ሆዱን አይታመምም። ሐይቅ ሐይቅ ነው፣ ቢዋኙበት ችግር የለውም። አገር ቤት ከተገባ በኋላ ደግሞ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለወገን ኪስ ማሰባቸው ይታያል፣ አጻጻፋቸውም ጥሩ ነው። ሰዉ የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ይህን ምክር አምኖ የሚሄድ ሰው ሊሞት ይችላል። የራሴ ታናሽ ወንድም ሊሞትብኝ ስለነበር ነው እንዲህ የምለው። ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ደማችን ያውቀዋል»

ከዚህኛው ልጀምር። ሌላው ምክር ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊው ከባዶ አልተነሡም። ወባ በበዛበት አገር ያደገ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ሲታመም ሰውነቱ በሽታውን በከፊል መቋቋም ይለምዳል። ካደገ በኋላ ቢይዘውም ብዙ ጊዜ አይከብድበትም። ይህ ግን ከእናት ከአባት አይወረስም። ታሞ ታሞ የሚገኝ ነው። መነደፉ ሲቀር ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። ደቡብ ሱዳን ጁባ ተወልዶ ያደገ ሰው ራሱ ጥቂት ዓመት ወባ የሌለበት አገር ኖሮ ሲመለስ እንደ እንግዳ መጠንቀቅ አለበት።

የሚወረስ ነገርም አለ። ማጭድ መሰል የቀይ ደም ሴልን ባሕርይ ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ በተወሰነ ደረጃ ይጠበቃል። ይህ ባሕርይ የሚበዛው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ነው። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ሕዝብ ዘንድ ብርቅ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወባ አለብን። ሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ስለ ቢምቢ ነጋሪ አያስፈልገውም። የእኛ ወባ ግን ዝናቡ ሲያባራ ተነሥቶ በኋላ የሚረግብ ነው። ጁባ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ያለውም በአብዛኛው ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ነው። እዚህ ሐዋሳ አቶቴ ወይም ታቦር አካባቢ ያደገ ልጅ ሰውነቱን ለዚያ የሚያዘጋጅ ያህል አልታመመም። አዲስ አበባ ያደገው ደግሞ ጭራሽ ላያውቀው ይችላል።

1958ን የሚያስታውስ አዛውንት ያለው ሰው ይጠይቅ። በዚያ ዓመት ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ወባ ገባ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ሁሉም የዚህ አገር ሰዎች ነበሩ። የሞቱት ሰውነታቸው ወባን ስለማያውቀው ነው። የሐዋሳም የአዳማም ከፍታ እዚያው ውስጥ ይወድቃል።

አያቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ቆላ ማሳ ያለው ደገኛ ንዳድ ፈርቶ፣ ሳይመሽ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ትንኝ የነገረው ሰው አልነበረም። ሰው ሲሞት አይቶ ነው የተማረው። «ደማችን ያውቀዋል» የሚለው ንግግር የእነሱ አይደለም።

«ቢጫ ካርድ ወረቀት ነው»

ስሙ ራሱ አሳስቶናል። ቢጫ ወባ ስለሚባል የወባ ዓይነት ይመስላል። ጽሑፉም ኮአርተም ለሁለቱም ይሆናል ሲል የሳተው እዚህ ጋ ነው። ወባ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ቢጫ ወባ ቫይረስ ነው። የወባ ትንኝ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ሌላ ትንኝ ስትሆን የምትናደፈው ቀን ነው፤ ስለዚህ ማታ የሚዘረጋ አጎበር አያስጥላትም። ኮአርተምም ምንም አያደርግለትም። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት እስካሁን የለም። ሲጸና ጉበት ይመታል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ደም ያስተፋል። ያለን ነገር ክትባቱ ነው።

የሩቅ አገር በሽታም አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ አካባቢ ገብቶ 100,000 ያህል ሰው ታሞ 30,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ከባዱ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ2018 ወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ ተነሣ። በ2020 ደግሞ ጉራጌ ዞን። ወላይታ ከሐዋሳ ጠዋት ተነሥተው ለምሳ የሚደርሱበት አገር ነው።

ኡጋንዳ፣ ጋና፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኮንጎ ካርዱን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ሕንድ ደግሞ ከእኛ አገር የሚሄደውን ሁሉ ትጠይቃለች። ሕንድ በሽታው የለም፣ ትንኟ ግን ሞልታለች። አንድ የታመመ ሰው ቢገባ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። በ2016 አንጎላ ሲሠሩ የነበሩ 11 ቻይናውያን በሽታውን ይዘው አገራቸው ገብተዋል። በጊዜ ተከትበው ቢሆን ኖሮ አይታመሙም ነበር ማለት ይቻላል። ከሐዋሳ ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ካርድ ከሌለው እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ይዞ እዚያ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለቤተሰብ መንገር አያስፈልግም።

በየ10 ዓመቱ ያስከፍላሉ የሚለው ድሮ ልክ ነበር። ከጁላይ 11 ቀን 2016 ጀምሮ ግን ተለውጧል። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ይሠራል። የድሮ ካርዳችሁ ላይ የ10 ዓመት ቀን ተጽፎ ቢሆን እንኳ ያው ነው። ስለዚህ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በደንብ አስቀምጡት።

በደላላ ስለማስመታት ብዙ አልልም። ትንኟ ማኅተም አታነብም። ወንጀልም ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ነው። የዚያች ደንበኛዬ ልጅ ይህን ሲሰማ ለበረራው 8 ቀን ነበር የቀረው። ቲኬቱን ማስተላለፍ ግድ ሆነበት፣ ገንዘብም ወጣ። ቪዛ ስትጀምሩ ክትባቱንም አብራችሁ ጀምሩ። የት እንደሚሰጥ የከተማውን ጤና መምሪያ መጠየቅ ነው።

የክትባቱ ደኅንነት ላነሡትም ልመልስ። የተሠራው በ1937 ነው። የሠራው ማክስ ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ከዚያ ወዲህ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ወስዶታል። ሆኖም ሕያው ክትባት ስለሆነ ለሁሉም አይሰጥም። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አይወስድም። ዕንቁላል ክፉኛ የማይስማማው ሰው፣ የሰውነት መከላከያው በጣም የተዳከመ ሰው አይወስድም። ነፍሰ ጡር ሴትና ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ሰው መጀመሪያ ከሐኪም ጋር መምከር አለበት። መውሰድ የማይችል ሰው ከሐኪም የማረጋገጫ ደብዳቤ ይጻፍለታል። ይህ ሕጋዊ መንገድ ነው፣ ደላላ አይፈልግም።

«ኪኒኑ ከበሽታው ይብሳል፣ ኮአርተም ያዝ»

በኪኒኑ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሜፍሎኩን የሚባለው በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን አንዳንዱን ያቃዠዋል፣ ያስጨንቀዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አይወስደውም። ግን ምርጫው እሱ ብቻ አይደለም። ዶክሲሳይክሊን አለ፤ ዋጋው ለብዙ ሰው አይከብድም። ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከተመለሱ በኋላም 4 ሳምንት ይቀጥላል። ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። በብዙ ውኃ ካልተዋጠ ወይም ወዲያው ከተተኛ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሆንም። አቶቫኩዎንና ፕሮጓኒል የተቀላቀሉበትም አለ። እሱ ከተመለሱ በኋላ የሚቀጥለው 7 ቀን ብቻ ነው፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ለማን የትኛው እንደሚሻል ሐኪም ይወስናል። ጉበቱን የሚታመም ሰው ካለ ይህን ይንገር። አንዱ ስለማይስማማ ሁሉንም መተው ግን አንድ ጫማ ስለጠበበ በባዶ እግር እንደመሄድ ነው።

ኮአርተምን በተመለከተ የወንድሜን ነገር ልንገራችሁ።

ወንድሜ የመብራት ሠራተኛ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለ4 ወር ሥራ ጁባ ሄደ። ዶክሲ ውሰድ ስለው «እትዬ፣ አራት ወር ሙሉ በየቀኑ መድኃኒት ልበላ?» አለኝ። ጠንከር ብዬ መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩትም። ከምሠራበት መደርደሪያ አንድ ፓኬት ኮአርተም ገዝቼ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩለት። ልክ ጸሐፊው እንደሚሉት ማለት ነው። ዛሬ ድረስ ይከነክነኛል።

በሦስተኛው ወር ትኩሳት ያዘው። አልተመረመረም። ኮአርተሙን ጀመረ። የትልቅ ሰው ሙሉ መጠን 24 ፍሬ ነው። አራት አራት እየተደረገ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ ያውም ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር። አለዚያ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ወሰደ። 8 ፍሬ ማለት ነው። ወሩ የጾም ስለነበር በሻይና በደረቅ ዳቦ ዋጠው። በማግሥቱ ትኩሳቱ በረድ አለለት። የቀረውን አብሮት ለሚያድር ልጅ ሰጠው። ልጁም ታሞ ስለነበር ጨከነ ማለት አልችልም፣ እንዲያውም አዘነለት። ግን ሁለቱም ሙሉውን መጠን አልወሰዱም።

ኮአርተም የያዘን በሽታ የሚያክም መድኃኒት ነው። እንዳይዝ አይከላከልም። ፋልሲፓረም ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ትኩሳቱ ከጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ አእምሮና ኩላሊት ሊደርስ ይችላል። ሐኪም ቤት ፈጽሞ የማይገኝበት ቦታ የሚሄድ ሰው ሐኪም አዝዞለት፣ አወሳሰዱን ተምሮ ቢይዝ ይደገፋል። ያን ጊዜም መከላከያውን ትቶ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ደንጌ የሚባለው በሽታ አጥንት የሚሰብር ትኩሳት ያመጣል። ድሬዳዋ ከ2013 ጀምሮ ታውቀዋለች። ደንጌ ላይ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም እኛ አገር ሰው ለሕመም ሁሉ የሚወጋው ዳይክሎፌናክ መድማትን ያባብሳል። እስኪመረመሩ ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ነው። ጣት ተወግቶ የሚታይ የወባ ምርመራ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ያን ሩብ ሰዓት ኮአርተም አይተካውም።

«ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ»

ፌጦ እወዳለሁ። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ያላጠጣችው የቤታችን ልጅ የለም። ትንኝ ግን ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰውንም ትነድፋለች። ዲኢኢቲ የሚባለው ትንኝ የሚያባርር ኬሚካል ያለበት የቆዳ ቅባት፣ እጀ ረጅም ልብስና በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይሠራሉ። አጎበሩን ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ። በየእንግዳ ማረፊያው የሚሰቀለው ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ነው።

«ውኃው የታሸገ ይሁን እንጂ»

የታሸገ ውኃ ጥሩ ነው። ግን በረዶው ከምን ውኃ እንደተሠራ ማን ያውቃል? ሰላጣውስ በምን ታጠበ? ጸሐፊው ሆዳችን ጠንካራ ነው ሲሉ ከፊሉን ልክ ናቸው። የጉበት ብግነት «ኤ» የሚባለውን አብዛኞቻችን በልጅነታችን ሳናውቀው አሳልፈነዋል፣ ዕድሜ ልክም አይመለስም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ያ ክትባት ትርፍ ወጪ ነው። ውጭ አገር ተወልደው ለዕረፍት ለሚመጡ የእህት የወንድም ልጆች ግን ትርፍ አይደለም። ከ«ኤ» ጋር የማይገናኘው «ቢ» ደግሞ በደምና በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ነው። ክትባቱ አገራችን ውስጥ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ስለሆነ ዛሬ ለሥራ የሚጓዘው ትልቅ ሰው አብዛኛው አልወሰደውም። ታይፎይድ ምግብና ውኃ በማይታመንበት ቦታ ለሚከርም ሰው ክትባቱ ይጠቅማል። ግን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፣ በየ2 ወይም 3 ዓመቱም ይደገማል።

ተቅማጥ ከያዘ ምን እንደሚደረግ ጽሑፉ አይናገርም። ተጓዥን ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ግን እሱ ነው። ሻንጣችሁ ውስጥ ኦ አር ኤስ ይኑር። ካጣችሁ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ።

ሐይቅ ላይ ስለመዋኘት ያሉትን ዝም ብዬ ባልፍ ደግሞ የሐዋሳ ሰው አይደለሁም። ቢልሃርዚያ አይጠጣም፣ በቆዳ ነው የሚገባው። የራሳችን ሐይቅ ውስጥም አለ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል መረብ ሲጎትቱ የሚውሉት ዓሣ አስጋሪዎች ከሁሉ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ቪክቶሪያ ሐይቅም ማላዊ ሐይቅም አለ። የታሸገ ውኃ እየጠጣ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚዋኝ ሰው ምኑን ተጠነቀቀ? የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ የሚገድለው እኮ የራሳችን እንዶድ ነው። በ1964 አድዋ ላይ ይህን ያስተዋሉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እናቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ አዩ። ይህን ባወቅን አገር «ሐይቅ ሐይቅ ነው» ተብሎ ሲጻፍ ያሳዝነኛል።

«አገር ቤት ከገባህ አለቀ»

ወንድሜን ሊገድለው የነበረው ይህ እምነት ነው።

ኮአርተሙን ሳይጨርስ ትኩሳቱ ከበረደለት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐዋሳ ገባ። እማዬ ዶሮ ሠራች። በሦስተኛው ቀን አንቀጠቀጠው። አንድ ክሊኒክ ሄደ። ደሙ ተወሰደና የተለመደው መልስ መጣ፤ ታይፎይድና ታይፈስ። መርፌ ታዘዘለት። የት እንደነበረ የጠየቀው ሰው የለም። እሱም አልተናገረም። አገሩ ገብቷላ። እኔም ወረቀቱን አይቼ መርፌውን ሰጠሁት። የወባ ምርመራ አለመኖሩን ያየሁት ዘግይቼ ነው። መርፌውን በጀመረ በሦስተኛው ቀን ማታ እማዬን «ማን ነሽ?» አላት። ወዲያው አንዘፈዘፈው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም ነበር። አርቴሱኔት የሚባለው የከባድ ወባ መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው። ራሱን ያወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ፋልሲፓረም ከተነደፉበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 7 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው ምልክት የሚያሳየው። ብዙ ጊዜ 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ወባ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ ከወባ አገር በተመለሳችሁ 3 ወር ውስጥ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ካርድ ክፍል ስትደርሱ የምትሉት የመጀመሪያ ነገር የት እንደነበራችሁ ይሁን። «ጁባ ነበርኩ፣ ከተመለስኩ 3 ቀኔ ነው» በሉ። ሐኪሙ ባይጠይቅም ንገሩት። የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ካላሳየና ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ በማግሥቱ እንዲደገም ጠይቁ። መከላከያ ኪኒን የጀመራችሁም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጨርሱት። ከተመለሱ በኋላ ያለው 4 ሳምንት የታዘዘው በጉዞው መጨረሻ የገባውን ለመግደል ነው።

ወንድሜ ባለፈው ዓመት እንደገና ጁባ ሄዶ ነበር። ስለ ዶክሲው አልተከራከረኝም። ሐዋሳ ከተመለሰ በኋላ ማታ ማታ ራት በልቶ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ውጦ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይተኛ ይቀመጥ ነበር። እማዬ ሰዓቱን ትቆጥርለታለች። በ28ኛው ቀን ባዶውን ማሸጊያ መድኃኒት ቤቱ ድረስ አምጥቶ በመስኮቱ አቀበለኝ።